ስለ ስኳር፣ ስለ ደመወዝና ስለ መሬት የጠየቀው መቶ አለቃ

በዛሬው ገጻችን ከራሽንና ከምዝገባ ወሬ ትንሽ ወጣ ብለን የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል። ሰውየው የአገራችን ሰው አይደለም፤ ሱዳናዊ ነው። ከሞተም ከ75 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ ታሪኩ እኛ ካለንበት ኑሮ ጋር ብዙ የሚገናኝ ሆኖ ስላገኘነው፣ ቡናችሁን እየጠጣችሁ እንድታነቡት ጋብዘናችኋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሐጅ ዩሱፍ የኖርን ሰዎች ኮበርን እናውቀዋለን። ከ2023ቱ ጦርነት በፊት ጠዋት ተነስተን ለቀን ሥራ ወደ ካርቱም መሐል ስንሄድ መንገዳችን በኮበር በኩል ነበር። የእስር ቤቱን ግንብ በአውቶቡስ መስኮት እያየን ዓባይን እንሻገራለን። አንዳንዱ ሰው ግንቡን ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር፤ ስደተኛ ሆኖ እስር ቤት ማየት የሚወድ የለምና። ታዲያ በዚያ ግንብ ውስጥ ከ100 ዓመት በፊት አንድ ወጣት መኮንን ታስሮ እንደነበር ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር። ስሙ ዓሊ አብዱልለጢፍ ይባላል። ሱዳኖች የ1924ቱ አብዮት መሪ እያሉ ይጠሩታል።

ብዙ ጊዜ የሚወራለት በእንግሊዝ ላይ ስለመነሳቱ ነው። እኛ ግን ዛሬ ማንሳት የፈለግነው ሌላውን ጎኑን ነው። ይህ ሰው ነፃነትን ሲጠይቅ ስለ ስኳር ዋጋ፣ ስለ ሥራና ደመወዝ፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ገበሬው መሬት አብሮ የጠየቀ ሰው ነበር። ያገኘው ምላሽ ግን ስለ ስኳሩም ስለ መሬቱም አልነበረም። የአባቱንና የእናቱን ዘር እያነሱ፣ ለመናገር መብት እንደሌለው ነገሩት። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው እንጀምር።

የወታደር ልጅ

ዓሊ የተወለደው በ1890ዎቹ ውስጥ፣ በሱዳንና በግብፅ ድንበር አጠገብ በምትገኘው በዋዲ ሐልፋ ከተማ ነው። አባቱ ከኑባ ተራሮች የመጣ ሰው ሲሆን እናቱ ደግሞ ከዲንቃ ሕዝብ ነበረች። ቤተሰቡ የባርነትን ኑሮ የቀመሰ ነው። በዚያን ዘመን ከደቡብ ሱዳንና ከኑባ ተራሮች እየተነጠቁ ከተሸጡት ወንዶች ብዙዎቹ መጨረሻቸው ወታደርነት ነበር። በግብፅ ጦር ሥር የነበሩት የሱዳን ሻለቃ ጦሮች በአብዛኛው በእነዚህ ሰዎችና በልጆቻቸው የተሞሉ ነበሩ። የዓሊ አባትም ወታደር ነበር።

የወታደር ልጅ በካምፕ ነው የሚያድገው። አባቱ በተዛወረበት አብሮ ይዛወራል። የአያቱ ርስት የለውም፣ ሲቸገር የሚጠጋበት የጎሳ አለቃም የለውም። ጎረቤቱ እንደ እሱ ከየአቅጣጫው ተነቅሎ የመጣ ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች ከጦሩ በጡረታ ሲወጡ በየከተማው ዳር ላይ ይሰፍሩ ነበር። በካርቱም ብዙ ሐበሻ ይኖርበት የነበረው የዴይም ሰፈር ታሪኩ ሲጠና ከእንደነዚህ ያሉ የቀድሞ ወታደሮች፣ ከባርነት የወጡ ሰዎችና የቀን ሠራተኞች ሰፈር ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ ሰፈሩ ከኛ በፊትም አገሩ የራቀበት ሰው መጠጊያ ነበር ማለት ነው።

ቤተሰቡ ወደ ካርቱም ሲመጣ ዓሊ በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ሥር በነበረው ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያም ወደ ካርቱም የጦር ትምህርት ቤት ተዛወረ። በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበር በምርቃቱ ጊዜ የጠቅላይ ገዥውን ሽልማት ተቀበለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በተለያዩ የሱዳን ክፍለ አገሮች እየተዘዋወረ አገለገለ፤ እስከ መቶ አለቅነትም ደረሰ።

በጦሩ ውስጥ ግን አንድ ነገር ያንገበግበው ነበር። ከእንግሊዝ አገር ተዛውሮ የሚመጣ መኮንን ወደ ግብፅ ጦር ሲገባ ትንሹ ማዕረጉ ሻለቃ ነበር። ዕድሜው ትንሽ ይሁን፣ አገሩን አይወቅ፣ ቋንቋውን አይስማ፣ ግድ የለም። ሱዳናዊው ደግሞ የቱንም ያህል ቢያገለግል ከእሱ በታች ነው የሚቆመው። ዓሊ ወድ መደኒ ከተማ በነበረበት ጊዜ በሰላምታ አሰጣጥ ምክንያት ከአንድ እንግሊዛዊ ጋር ተጋጭቶ እንደነበር ይነገራል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ውስጡ ግን የማዕረግ፣ የደመወዝና የክብር ጥያቄ ነው። አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች አንዱ ለምን ከሌላው በታች ይሆናል የሚል ጥያቄ።

የ1922ቱ ጽሑፍ

በ1922 ዓሊ የሱዳን ሕዝብ ጥያቄዎች የሚል ይዘት ያለው ጽሑፍ አዘጋጅቶ አል ሐዳራ ለተባለው ጋዜጣ ሰጠ። ጽሑፉ ሱዳን በገዛ ልጆቿ መተዳደር አለባት ይላል። ግን እዚያ ላይ አይቆምም። ትምህርት እንዲስፋፋ፣ ከፍ ያሉት የመንግሥት ሥራዎች ለሱዳናውያን እንዲሰጡ፣ መንግሥት በስኳር ንግድ ላይ የያዘው ሞኖፖል እንዲቀር ይጠይቃል። የጀዚራውን የጥጥ እርሻ ዕቅድም ይተቻል።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ የአገር ነፃነት ከስኳር ጋር ምን አገናኘው ይል ይሆናል። መልሱን ከመካከላችን ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ውስጥ ሻይ ሲሸጡ የኖሩት እኅቶቻችን ያውቁታል። በሱዳን ሻይ ያለ ስኳር ሻይ አይባልም። ስኳር ሲወደድ ሻይ ሻጯ ሁለት ምርጫ ነው ያላት። ወይ ዋጋ ጨምራ ደንበኛ ታጣለች፣ ወይ ዋጋውን ይዛ ትርፏን ትበላለች። የቀን ሠራተኛውም ቢሆን ጠዋት ዳቦውን በሻይ እያማገ ነው የሚውለው። ስለዚህ ስኳር ለድሃው ቅንጦት አይደለም፣ ምግቡ ነው።

ሞኖፖል ማለት ደግሞ አንድን ዕቃ አንድ አካል ብቻ ይዞ፣ ዋጋውን እሱ ብቻ ሲወስን ነው። መንግሥት ስኳሩን በብቸኝነት ይዞ አትርፎ ሲሸጠው ትርፉ ግብር ነው። ግን እንደ ሌላው ግብር ደረሰኝ የለውም፣ ማንም አያየውም። ከዚህም የባሰው፣ ሀብታሙና ድሃው በአንድ ኪሎ ላይ እኩል መክፈላቸው ነው። ሀብታሙ አይሰማውም፤ ድሃው ግን ከዕለት ገቢው ነው የሚቀነስበት። ዓሊ ይህን የተረዳው በመጻሕፍት ብቻ አይመስለንም። የወታደር ሰፈር ልጅ ነውና ስኳር በቤት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ አይቶ ያደገ ሰው ነው።

ጋዜጣው ጽሑፉን አላወጣውም። ሳይታተም ግን በመንግሥት እጅ ገባና ዓሊ ተያዘ። በአንድ ዓመት እስራት ተቀጣ፤ ማዕረጉንም ተገፈፈ። ልብ በሉ፣ ያኔ ያነሳው ጠመንጃ የለም፣ የሰበሰበው ሰልፍም የለም። ሕዝብ ያላነበበው አንድ ወረቀት ነበር። ነገር ግን ማሰሩ መልሶ ስሙን አወጣው። ወረቀቱን ያላየ ሰው ሁሉ ስለ ወረቀቱ አወራ። ከእስር ሲወጣ ሥራ የሌለው ግን የታወቀ ሰው ሆኖ ነው የወጣው።

ነጩ ባንዲራ

በግንቦት 1924 ዓሊ ከጓደኛው ከዑበይድ ሐጅ አል አሚንና ከሌሎች ጋር ሆኖ የነጭ ባንዲራ ማኅበርን አቋቋመ። ዑበይድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። አባላቱም በአብዛኛው የጦር መኮንኖች፣ ጸሐፊዎች፣ የፖስታና የቴሌግራፍ ሠራተኞች፣ አንዳንድ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። በደመወዝ የሚተዳደሩ፣ ስኳርም ሆነ ኪራይ ሲጨምር የሚሰማቸው ሰዎች ናቸው። ማኅበሩ የዓባይ ሸለቆ አንድነት ማለትም ሱዳን ከግብፅ ጋር ሆና ከእንግሊዝ እንድትላቀቅ ይፈልግ ነበር። ይህ አቋም ትክክል ነበር አልነበረም እየተባለ ሱዳናውያን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኛ ወደዚያ ክርክር አንገባም።

አሠራራቸው ግን ሊታወቅ የሚገባው ነው። መጀመሪያ ላይ መሣሪያቸው ቴሌግራም ነበር። ለጠቅላይ ገዥው አቤቱታቸውን ስማቸውን እየጻፉ በቴሌግራም ይልኩ ነበር። ቀጥሎ የፊርማ አቤቱታ ይዘው ወደ ካይሮ የሚሄዱ መልእክተኞች ላኩ፤ መልእክተኞቹ ዋዲ ሐልፋ ላይ ተይዘው ተመለሱ። በሰኔ ወር በኡምዱርማን በአንድ የግብፅ ባለሥልጣን ቀብር ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ወደ ሰልፍ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ሰልፉ በየከተማው ቀጠለ።

ሐምሌ 4 ቀን 1924 ዓሊ ተያዘ። ፍርድ ቤት ቀርቦ የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ኮበር ገባ። ነሐሴ 9 ቀን ግን የጦር ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ሥዕሉን ይዘው በካርቱም ጎዳና በሰልፍ ወጡ፤ እሱ ባይኖርም ወደ ቤቱ ሄደው ሰላምታ ሰጡ። ባለቤቱ ዐዛ መሐመድ አብደላህ በእልልታ እንደተቀበለቻቸው ይነገራል። ሱዳናውያን እሷን በፖለቲካ ሰልፍ ከተሳተፉት የመጀመሪያዎቹ የአገሪቱ ሴቶች መካከል ይቆጥሯታል። ባሏ ኮበር፣ ደመወዝ ከተቋረጠ ሁለት ዓመት ያለፈው ቤት ይዛ ነው እንግዲህ እልል ያለችው። ስለ መሪዎች ሲጻፍ የቤቱን ወጪ ማን እንደቻለው ብዙ ጊዜ አይጻፍም። እኛ ግን ባሎቻቸው የታሰሩባቸውን ወይም የጠፉባቸውን እናቶች በየቀኑ እያየን ስለምንኖር፣ ይህን ሳናነሳ ማለፍ አልፈለግንም።

በዚያው ወር በዐትባራ በባቡር ሥራ ላይ በነበሩ የግብፅ ጦር ክፍል ወታደሮች ላይ ተተኩሶ ሰዎች ሞቱ። ነገሩ እየከረረ ሄደ።

የዘር ጥያቄ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ለዓሊ ጥያቄዎች ምን መልስ ተሰጠ?

እንግሊዞች አስረውታል። ይህ ከገዥ የሚጠበቅ ነው። እሱን ይበልጥ የጎዳው ግን ከአገሩ ታላላቅ ሰዎች የመጣው ነገር ነበር። ያ ጽሑፉን አላወጣም ያለው አል ሐዳራ ጋዜጣ የነጭ ባንዲራን ሰዎች ዘርና ደረጃ የሌላቸው ተራ ሰዎች እያለ ጻፈባቸው። በዓሊ ዓይነት ሰው የሚመራ ሕዝብ የተዋረደ ሕዝብ ነው የሚል ሐሳብ ነበር የጽሑፉ ይዘት። ጋዜጣው የትልልቆቹ የሃይማኖት ቤተሰቦች ድጋፍ የነበረው ነው። ለአገሩ መናገር ያለባቸው የታወቁ ጎሳዎች አለቆችና ሼኾች እንጂ የባሪያ ልጅ አይደለም ማለታቸው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በ1920ዎቹ ሱዳን ውስጥ የቤት ውስጥ ባርነት ገና አልጠፋም ነበር። በመጋቢት 1925 ሦስት ታላላቅ የሃይማኖት መሪዎች በእርሻ ላይ የሚሠሩ ባሪያዎች ከጌቶቻቸው እንዳይለቀቁ ለመንግሥት በጽሑፍ አመልክተዋል። ምክንያታቸው የእርሻ ሥራ ይጎዳል የሚል ነበር። እንግዲህ ነገሩ የስም ማጥፋት ብቻ አልነበረም። የሰው ጉልበት በነጻ ወይም በርካሽ ከተገኘ፣ ያ ሰው አፍ እንዲኖረው የሚፈልግ ጌታ የለም። የባሪያ ልጅ ስለ ደመወዝ ከተናገረ፣ ነገ የራሱ የቤት አገልጋይም መናገሯ አይቀርም። ዘሩን ማንሳት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ዓሊ በምርመራ ላይ ጎሳው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ሱዳናዊ መሆኑን እንጂ ሌላ እንዳልመለሰ ይተረካል። ይህ መልስ ዛሬ ቀላል ይመስላል። በዚያን ጊዜ ግን አዲስ ነገር ነበር። እናቱ ዲንቃ፣ አባቱ ኑባ፣ የተወለደው ሐልፋ፣ ያደገው ካርቱም፣ የሚናገረው ዓረብኛ። የትኛው ጎሳ ውስጥ ይመደብ? ምናልባት ጎሳ የሚያስቆጥር ርስት ስላልነበረው ይሆናል ከሌሎቹ ቀድሞ አገሩን በሙሉ ማየት የቻለው።

የጀዚራ ነገር

ስለ መሬት ያነሳው ጥያቄ እውነት እንደነበረው ያሳየው ራሱ የእንግሊዝ መንግሥት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ኅዳር 19 ቀን 1924 የሱዳን ጠቅላይ ገዥ የነበሩት ሰር ሊ ስታክ ካይሮ ውስጥ በጥይት ተመትተው በማግሥቱ ሞቱ። እንግሊዝ ወዲያው ለግብፅ መንግሥት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጠች። 500 ሺህ ፓውንድ ካሣ እንዲከፈል፣ የግብፅ ጦር ከሱዳን በ24 ሰዓት ውስጥ መውጣት እንዲጀምር ትዕዛዝ ተሰጠ። በዚያው ማስጠንቀቂያ ውስጥ ግን ከግድያው ጋር ምንም የማይገናኝ ሌላ ነጥብ ገብቶ ነበር። በጀዚራ በመስኖ የሚለማው መሬት ከ300 ሺህ ፈዳን አልፎ፣ እንደ አስፈላጊነቱ ያለ ገደብ እንዲሰፋ የሚል ነው። 300 ሺህ ፈዳን በኛ አገር አለካክ ከ3 ሺህ ጋሻ በላይ ይሆናል። ሰው ሞቶ ካሣ ሲጠየቅ የጥጥ መሬት አብሮ ተጠየቀ ማለት ነው።

ጀዚራ በጥቁርና በነጭ ዓባይ መካከል ያለው ለጥ ያለ ሜዳ ነው። በሰናር ላይ የዓባይ ውሃ በግድብ ተይዞ ለጥጥ መስኖ እንዲውል የታቀደ ሲሆን ግድቡ በ1925 ሥራ ጀመረ። ውሃው ከጣና በኩል ወርዶ፣ በኛው ተራሮች መካከል አልፎ የሚሄደው ውሃ ነው። መንግሥት መሬቱን ከባለ ይዞታዎቹ በግድ ተከራየ፤ ኪራዩም ለአንድ ፈዳን በዓመት 10 ግርሽ ነበር። መሬቱ ተከፋፍሎ ለጢሰኞች ተሰጠ። ሥራውን የሚመራው አንድ የእንግሊዝ የእርሻ ኩባንያ ነበር። ከጥጡ ገቢ ጢሰኛው 40 በመቶ፣ መንግሥት 35 በመቶ፣ ኩባንያው 25 በመቶ ይወስዱ ነበር።

በወረቀት ላይ ትልቁ ድርሻ የጢሰኛው ነው። ሲሠራ ግን የዘር፣ የማረሻና የለቃሚ ወጪ አለበት። ምን እንደሚዘራ አይወስንም፤ ጥጥ ዝራ ሲባል ጥጥ ነው። ዋጋውም የሚወሰነው በሌላ አገር ገበያ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የጥጥ ዋጋ ሲወድቅና በሽታ ሲገባበት ጢሰኛው ዕዳ ውስጥ ገባ። ከጢሰኛው በታች ደግሞ ሌላ ሰው ነበር። ጥጡን የሚለቅመው ከምዕራብ አፍሪካና ከምዕራብ ሱዳን የመጣው መጤ ሠራተኛ ነው። እሱ በመቶኛው ክፍፍል ውስጥ ስሙም የለም። በገዳሪፍ የሰሊጥ አጨዳ ላይ የዋሉ ወንድሞቻችን ይህን ነገር ማስረዳት አያስፈልጋቸውም።

እውነቱን ለመናገር ማኅበሩ እነዚህ ገበሬዎችና ለቃሚዎች ዘንድ አልደረሰም። የከተማ ሰዎች ማኅበር ነበር። ዕድሜውም የጥቂት ወራት ነው። ዓሊ ስለ ጀዚራ ጻፈ እንጂ ጀዚራ ገብቶ ገበሬውን ሲያደራጅ አልታየም፤ ጊዜም አልተሰጠውም።

መጨረሻው

የግብፅ ጦር እንዲወጣ ሲታዘዝ በካርቱም ያለው 11ኛው የሱዳን ሻለቃ ጦር ክፍል ኅዳር 27 ቀን 1924 ከጦር ሰፈሩ ወጣ። በአብዱልፈዲል አልማዝ የሚመሩት ወታደሮች በወታደራዊው ሆስፒታል አካባቢ እስከ ማግሥቱ ተዋጉ። በመጨረሻ መድፍ ተተኮሰባቸውና አብዱልፈዲል እዚያው ሞተ። ሦስት መኮንኖችም በታኅሣሥ ወር በጥይት ተደበደቡ። ኮበር ውስጥም የፖለቲካ እስረኞቹ አምፀው ነበር። ዓሊ እንደገና ፍርድ ቤት ቀርቦ ተጨማሪ እስራት ተፈረደበት።

ከዚያ በኋላ ከዑበይድና ከሌሎች ጋር ወደ ዋው፣ ባሕር ኤል ጋዛል ተላከ። የእናቱ ወገን አገር ወደሆነው ደቡብ መሄዱ ነው፤ ግን በሰንሰለት። ዑበይድ በዚያው በእስር እንዳለ ሞተ። ዓሊ የተፈረደበትን ጊዜ ቢጨርስም አልተለቀቀም። አእምሮው ታውኳል ተባለ። በ1938 ወደ ካይሮ ተወስዶ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ተቀመጠ። በ1948 እዚያው አረፈ። ከ1924 ጀምሮ ስንቆጥር 24 ዓመት መሆኑ ነው። ነፃ ሰው ሆኖ ካርቱምን ዳግመኛ አላየም።

እሱ ያነሳቸው ጥያቄዎች ግን አብረውት አልታሰሩም። በ1931 የጎርደን ኮሌጅ ተማሪዎች የተመራቂዎች መነሻ ደመወዝ በመቀነሱ አድማ መቱ። በ1946 የጀዚራ ጢሰኞች የተጠራቀመ ገንዘባችን ይሰጠን ብለው አንዘራም አሉ። በ1947 የዐትባራ የባቡር ሠራተኞች ማኅበራቸው እንዲታወቅላቸው ወጡ፤ ዓሊ በሞተበት በ1948 ደግሞ ከአንድ ወር በላይ የቆየ አድማ አደረጉ። የጀዚራው ኩባንያ ውል በ1950 አበቃ። ሱዳንም ጥር 1 ቀን 1956 ነፃ ወጣች። ነፃነቱን የተረከቡት ግን በአብዛኛው በዚያን ጊዜ ዓሊን የናቁት ቤተሰቦችና ልጆቻቸው ነበሩ። የኑባና የደቡብ ሰው የዘር ጥያቄ ግን ከነፃነት በኋላም አልቀረለትም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በጦርነትና በድርቅ ተፈናቅሎ ሐጅ ዩሱፍን የሞላው ጎረቤታችን የዚሁ ታሪክ ተከታይ ነው።

በሌላም አገር

ይህ ዓይነት ሰው በሱዳን ብቻ አልታየም። ያ 1924 በኛም አገር የሚታወስ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር አዋጅ አወጡ። በዚያው ዓመት ደግሞ የነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው መጽሐፍ ደራሲው በ1919 ከሞተ በኋላ ታተመ። ስለ ንግድ፣ ስለ ቀረጥና ስለ ሠራተኛው ገበሬ ድህነት የጻፈው ገብረሕይወት ራሱ በስደት ሱዳን ቆይቶ የነበረ ሰው ነው። እሱና ዓሊ ስለመተዋወቃቸው የሚነገር ነገር የለም። ቢሆንም በአንድ ወንዝ ላይና ታች ሆነው ስለ አንድ ችግር ያሰቡ ሰዎች ናቸው።

በአሜሪካም ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግን ሁሉም የሚያውቃቸው ጥቁርና ነጭ በአንድ አውቶቡስ እኩል እንዲቀመጡ በመታገላቸው ነው። መጨረሻ ላይ ግን የያዙት የድሆች ጉዳይ ነበር። በ1968 በሜምፊስ ከተማ 1,300 የሚሆኑ ጥቁር የቆሻሻ ማንሳት ሠራተኞች ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ደኅንነት ሲያድሙ ሊደግፏቸው ሄደው፣ ሚያዝያ 4 ቀን እዚያው ተገደሉ። ወንበሩን እኩል መቀመጥ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚበላም እንደሚያስፈልግ ገብቷቸው ነበር። ዓሊ ይህን ከ40 ዓመት በላይ ቀድሞ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎታል።

ለእኛስ?

ይህን ታሪክ ያቀረብነው ሰው አምጾ እንዲነሳ አይደለም። እኛ የሰው አገር እንግዶች ነን፤ አቅማችንንም እናውቃለን። ያቀረብነው ስለ አንድ ልማድ ነው። ራሽን ጎደለ፣ ውሃ አልደረሰም፣ የቀን ሥራ ሂሳብ ተቆረጠ ብሎ አንድ ሰው በስብሰባ ላይ ሲነሳ፣ ብዙ ጊዜ ከራሳችን አፍ ቀድሞ የሚወጣው ስለ ራሽኑ አይደለም። የማን ወገን ነው፣ መቼ መጣ፣ ከየት አካባቢ ነው የሚል ነው። ሰፋሪውን ትተን ተናጋሪውን እንመዝናለን። በዚህ መሐል የጎደለው ኪሎ ጎድሎ ይቀራል፤ የጎደለበትም ሰው ዝም ይላል።

በዓሊ ላይ የደረሰውም ይኸው ነበር። ስኳሩ ተወዷል ወይስ አልተወደደም ብሎ የመለሰለት ሰው አልነበረም። ጥያቄው መልስ ያላገኘው ስህተት ሆኖ ሳይሆን ጠያቂው የባሪያ ልጅ ስለሆነ ነው። ሱዳን ለዚያ የከፈለችው ዋጋ ቀላል አይደለም፤ ከጦርነቶቿ አንዳንዶቹ እኛኑ ሁለተኛ ጊዜ አሰድደውናል። እንግዲህ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ የማታውቁት ሰው ተነስቶ ስለ ጎደለው ነገር ሲናገር፣ መጀመሪያ የጎደለውን አብራችሁት ቁጠሩ። የአገሩን ስም በኋላ በቡናው ላይ ትጠይቁታላችሁ።